ክንድ ላይ የቀረ ታሪክ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮቪድ ክትባት

የአያቴ ግራ ክንድ ላይ፣ ከትከሻቸው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የአሥር ሳንቲም ስፋት ያላት ክብ ጠባሳ አለች። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየነካካሁ «እማማ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ስላቸው «የመንግሥት ማኅተም ናት» ይሉኝ ነበር። አመንኳቸው። ሰው ሲያድግ አንድ ቀን ተጠርቶ ክንዱ ላይ ማኅተም የሚመታበት ይመስለኝ ነበር።

ጠባሳዋ የፈንጣጣ ክትባት ናት። ይህን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። የምጽፈው ግን ስለ እሷ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚያው ክንዳቸው ላይ የኮቪድ ክትባት እንዲወጉ ያግባባኋቸው እኔ ነኝ። ለማግባባት ስልም አንድ ውሸት ዋሽቻለሁ። «ምንም አይሰማዎትም» አልኳቸው።

ጠዋት ተከተቡ፣ ከሰዓት ቡና አፈሉ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተንቀጠቀጡ። ሁለት ብርድ ልብስ ደራርበንላቸው ጥርሳቸው ይጋጫል። ትኩሳታቸው 38.9 ደረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ። እትዬ ጎረቤታችን «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው መጡ። ሌላው በር ላይ ቆሞ «እኔ ብዬ ነበር፣ ሽማግሌ ለመጨረስ የመጣ ነው» እያለ ያንሾካሹካል። እኔ ስልኬን ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ትኩሳት እንደሚያመጣ አንብቤ ነበር። አውቅ ነበር። ካወቁት ይፈራሉ ብዬ ነው ያልነገርኳቸው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ለቀቃቸው። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ምጣድ ጣዱ። ሁለተኛው ዶዝ በሐምሌ ነበር፤ ቀጠሮው ሲደርስ ካርዱን አውጥቼ ሳሳያቸው ቀና ብለው አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «መርፌው አልጎዳኝም፣ ልጄ። የጎዳኝ የአንተ መዋሸት ነው።» አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኋላ ሄጄ ማንበብ የጀመርኩት። ሰው ክትባት የሚሸሸው መቼ ነው? ሲያመው ነው? ወይስ እንደሚያመው ሳይነገረው ሲያመው? (በነገራችን ላይ፣ የአገራችንን ነገር ስጽፍ በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. ብዬ እጽፋለሁ፤ እንዳንደናገር።)

ኅዳር 1911

አያቴ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ያቃጥላሉ። እናንተም ሰፈር ሳይኖር አይቀርም፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ብዙዎቻችን ዓይናችንን እያሸን ከማለፍ በቀር ለምን እንደሚታጠን አንጠይቅም።

የሚታጠነው በአንድ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ምክንያት ነው። ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው፣ እኛ ግን «የኅዳር በሽታ» ያልነው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ክፉኛ የመታት በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ወር ነበር። ከተማዋ ያኔ ትንሽ ናት፤ ነዋሪዋ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር፣ ሐኪሞቿ በጣት የሚቆጠሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ከ10 ሺህ ሰው በላይ እንደሞተ አስፍረዋል። በዚያች ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ሰው በጥቂት ሳምንት መሞት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቀባሪ ጠፋ። አስታማሚው ከታማሚው ጎን ወደቀ።

የአያቴ እናት ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ለአያቴ የነገሯቸው፣ አያቴም ለእኔ ያስተላለፉልኝ አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ «ለቅሶ አልነበረም። የሚያለቅስ ሰው ስለሌለ።»

ያን ጊዜ ክትባት የሚባል ነገር ለዚህ በሽታ አልነበረም፤ እዚህ ብቻ ሳይሆን የትም። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሐኪሞች ክትባት ብለው የሰጡት ነገር ባክቴሪያን ለመከላከል የተሠራ ነበር፤ ምክንያቱም በሽታው ከባክቴሪያ የመጣ ይመስላቸው ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ አገር ነው፤ ሟቾቹ ከተቀበሩ ከ15 ዓመት በኋላ። አዲስ አበባ የነበራት ጭስ፣ ጸሎትና ጠበል ነው። ጭሱ ቫይረሱን አልገደለም። ሐሳቡ ግን ሞኝነት አልነበረም፤ «በሽታው በአየር ነው የሚመጣው፣ አካባቢያችንን እናጽዳ» ነው ነገሩ። ግማሹን በትክክል ገምተዋል።

ከተበ

አሁን ወደ ጠባሳዋ ልመለስ።

«ከተበ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ጻፈ ማለት ነው፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው «ክታብ» ከዚሁ ነው፣ ዛሬም ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ እንከትባለን። ሌላው ክትባት ሰጠ ማለት ነው። ሁለቱም ውስጥ ምልክት ማሳረፍ አለ፤ አንዱ ብራና ላይ፣ አንዱ ቆዳ ላይ።

የቆዳው ከተባ ነጮቹ ያመጡልን ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ዓመታት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ሰዎች ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ላይ ፈሳሽ ወስደው፣ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር አድርገው ሲጨምሩበት አይቶ ጽፏል። በደጋው አገር ይህን የሚሠሩ የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ተከታቢው ይታመማል፣ ያተኩሰዋል፣ አንዳንዴም ይሞታል። ከዚያም የከፋው፣ የተከተበው ሰው እውነተኛ ፈንጣጣ ስለሚይዘው ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። ሆኖም ፈንጣጣ በተፈጥሮ ሲይዝ ከሚገድለው ያነሰ ስለሚገድል ሰው ሒሳቡን ሠርቶ ክንዱን ይሰጥ ነበር። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ሒሳቡን ያውቅ ነበር። «ያምሃል፤ ከዳንክ ግን ዳግም አይነካህም» ተብሎ ተነግሮት ነው የገባበት።

እ.ኤ.አ. በ1796 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር ከላም ፈንጣጣ የሚወሰደው ነገር ያለ እውነተኛው በሽታ ጥበቃ እንደሚሰጥ አሳየ። ከብዙ ማሻሻያ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያ በመጀመሪያው የዘመቻ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1971) ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎችና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በእግር፣ በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር አገሩን አዳረሱት። መሣሪያቸው ጫፏ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ መርፌ ናት፤ ክትባቱ ውስጥ ነክረው ክንድ ላይ አንድ ቦታ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። አለቀ።

ሁሉም ቦታ ግን እጅ ተዘርግቶ አልተቀበላቸውም። በተለይ ጎጃምን በመሰለ ደጋ ብዙ ሰው «የራሳችን ከታቢ አለን» እያለ እምቢ ብሏል። ሌላም ምክንያት ነበር። ያኔ አገራችን ውስጥ በብዛት የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት ቀለል ያለው ነው፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢገድል ነው። በሽታው ሲቀል መርፌው ይከብዳል። ለማያስፈራ በሽታ ማን ክንዱን ያቆስላል? ይህን ዓይነት ሙግት በ2013ም ታክሲ ውስጥ ሰምተነዋል።

ያ ክትባት ደግሞ በእርግጥ ያቆስል ነበር። በሦስተኛው አራተኛው ቀን ቦታው ይቀላል፣ ከዚያ ውኃ ይቋጥራል፣ መግል ይይዛል፣ ብብት ያብጣል፣ አንዳንዱን ያተኩሰዋል። በሁለት ሦስት ሳምንት ቅርፊቱ ወድቆ ጠባሳ ይቀራል። ይህን ማንም ሊደብቅ አይችልም ነበር፤ እንዲያውም ከታቢው የሚፈልገው እሱን ነው። ካልቆሰለ «አልያዘም» ይባልና ይደገማል። አያቴን ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃቸው የነገሩኝም ይህንኑ ነው። «ልጁ ገና ሳይወጋኝ ነገረኝ። ይቆስላል፣ እንዳታኪው፣ ልብስሽ አይንካው፣ ቅርፊቱ ሲወድቅ ትድኛለሽ አለኝ። እንዳለውም ሆነ።» ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የከታቢውን ምክር ቃል በቃል ያስታውሳሉ።

የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም ደግሞ በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977 ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ውስጥ የተገኘው ዓሊ ማው ማሊን ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ይገርመኛል። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። መከተብ ነበረበት፤ ግን መርፌው የሚያም ስለመሰለው ሸሸ። አንድ ቀን ሁለት የታመሙ ልጆችን ለያዘ መኪና መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃ አብሮ ተሳፈረ። በቃ፣ ተያዘ። ዳነ። በኋላ ዘመኑ በፖሊዮ ዘመቻ ውስጥ እየዞረ ለወላጆች የሚነግራቸው ይህንኑ ነበር፦ እኔ ፈርቼ ነው የተያዝኩት፣ እናንተ እንዳትሳሳቱ። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ እያለ በወባ ሞተ። ፍርሃቱን አልደበቀም። ሰው የሰማውም ለዚህ ይመስለኛል።

የእንቁላል መድኃኒት

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከታወቀ በኋላ ክትባቱን ለመሥራት የተገኘው መንገድ የዶሮ እንቁላል ነው። ቫይረሱን ጫጩት እያበቀለ ባለ እንቁላል ውስጥ ያባዙታል፣ ከዚያ ይገድሉትና አጣርተው ይወጉታል። አሜሪካ ውስጥ ቶማስ ፍራንሲስና ኋላ በፖሊዮ ክትባት ስሙ የገነነው ዮናስ ሳልክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደሩ አዘጋጁት። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለሲቪሉም ተዳረሰ።

የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች ክንድ ያሳብጡ፣ ያተኩሱም ነበር። አንዱ ምክንያት ከእንቁላሉ የተረፈ ብዙ ቆሻሻ አብሮ መግባቱ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር ማጣሪያ ሲመጣ ክትባቱ ጠራ፣ ሕመሙም ቀነሰ። ይህን የምነግራችሁ ለአንድ ነገር ነው፦ «ያመኛል» ያለው ሕዝብ ቅሬታ ተሰምቶ ነው መድኃኒቱ የተሻሻለው። የጎንዮሽ ጉዳትን መናገር ክትባትን መቃወም አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከባድ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፎርት ዲክስ በሚባል የጦር ሰፈር አንድ ወጣት ወታደር ከአሳማ በመጣ ኢንፍሉዌንዛ ሞተ። ባለሥልጣናቱ የ1918ቱ ተመለሰ ብለው ደነገጡ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ሕዝቡ ሁሉ እንዲከተብ አወጁ። በጥቅምት ዘመቻው ተጀመረ፤ በአሥር ሳምንት ገደማ 45 ሚሊዮን ያህል ሰው ተከተበ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፒትስበርግ ውስጥ ሦስት አረጋውያን አንድ ክሊኒክ፣ አንድ ቀን ተከትበው ሞቱ። አገር ተናወጠ። ሲጣራ የልብ ድካም ነበር፤ ከክትባቱ ጋር አልተያያዘም። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፦ በአንድ ቀን እጅግ ብዙ አረጋውያንን ስትከትቡ፣ ሳይከተቡም በዚያ ቀን ሊሞቱ የነበሩ አሉ። ይህን ግን ማንም ለሕዝቡ አስቀድሞ አልነገረውም። ሞቱ ከተሰማ በኋላ ሲነገር ማመካኛ መሰለ።

ከዚያ እውነተኛው ችግር መጣ። የተወሰኑ ተከታቢዎች ጊያን ባሬ የሚባል የነርቭ በሽታ ያዛቸው፤ እግር ሰንፎ፣ አንዳንዴም መተንፈስ እስከማቃት የሚያደርስ ነው። ስሌቱ ከመቶ ሺህ ተከታቢ አንድ ሰው ያህል ጭማሪ መሆኑን አሳየ። ትንሽ ነው። ያ የተፈራው ወረርሽኝ ግን ጭራሽ አልመጣም። ወረርሽኝ ከሌለ ከመቶ ሺህ አንዱም ብዙ ነው። በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. ዘመቻው ቆመ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ስለ ክትባት ክርክር ሲነሣ ይህ ታሪክ አብሮ ይነሣ ነበር።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይህን ነው። ብርቅ የሆነ ጉዳት እውነት ሊሆን ይችላል። የተለመደ ሕመምም እውነት ነው። ከመርፌ በኋላ የሆነ ሁሉ ግን በመርፌው ምክንያት የሆነ አይደለም። ሦስቱን ለይቶ የሚነግረው ሰው ያጣ ሕዝብ አንድ ላይ ይጠቀልላቸውና ሁሉንም ይፈራል።

መጋቢት 2013

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ የተጀመረው ልክ ዓመት ቆጥሮ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስድስት ቀን ቀደም ብሎ የካቲት 28 ቀን 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኔካ ቦሌ ገብቶ ነበር፤ ሕንድ አገር የተመረተ፣ በኮቫክስ በኩል የተላከ። መጀመሪያ ለጤና ባለሙያ፣ ከዚያ ለአረጋውያንና ለተጓዳኝ ሕመምተኞች ተባለ።

ጊዜው ክፉ ጊዜ ሆነ። እኛ በጀመርን በሁለት ቀን፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ያንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ። ምክንያቱ ጥቂት ሰዎች ላይ የታየ፣ ከፕላትሌት መቀነስ ጋር የሚመጣ ያልተለመደ የደም መርጋት ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚያው ሳምንት ጥቅሙ ይበልጣል ብሎ አስታወቀ፤ በሚያዝያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ደግሞ ነገሩን በጣም ብርቅ የጎንዮሽ ጉዳት ብሎ መዘገበው። «አቆሙት» የሚለው ዜና በአንድ ቀን ሰፈራችን ደረሰ። «መልሰው ጀመሩት» የሚለው እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ያ ሁሉ ጫጫታ ስለ ብርቁ ጉዳት ነበር። አብዛኛው ተከታቢ ስለሚደርስበት ስለ ተራው ሕመም የሚያወራ ጠፋ። አያቴ የተከተቡበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷ ፋታ አልነበራትም፤ ሰልፉ በር አልፎ ወጥቷል። መርፌውን ወጋች፣ ካርዱን ሞላች፣ «ቀጣይ!» አለች። እሷን አልወቅስም። እሷ ያልተናገረችውን የመናገር ዕድል የነበረኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ዋሸሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ኋላ ያነበብኩት ነው። አስትራዜኔካ ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፦ የመጀመሪያው ዶዝ ነው የሚያመው፤ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል። ፋይዘርና ሞደርና ተቃራኒ ናቸው፤ ሁለተኛው ይብሳል። አያቴ የፈሩት «አንደኛው እንዲህ ካደረገኝ ሁለተኛው ይጨርሰኛል» ብለው ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግራቸው ሰው ቢኖር ምናልባት ይሄዱ ነበር።

የመርፌው ማግስት

እስቲ እኔ ያልነገርኳቸውን ለእናንተ ልንገራችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ለጉንፋን ይሁን ለኮቪድ የሚከተብ ሰው ሊኖር ይችላል።

በመጀመሪያ፣ ለምን ያማል? ክትባቱ በሽታውን ስለሚሰጥ አይደለም። ሰውነት እንግዳ ነገር መግባቱን ሲያውቅ ማንቂያ ይደውላል፤ ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ራስ ምታቱ፣ የክንዱ ሕመም፣ ድካሙ የዚያ ማንቂያ ድምፅ ነው። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ይጀምርና በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ወጣቱን ከሽማግሌው ይልቅ ያጠነክርበታል። ምንም ያልተሰማው ሰው ደግሞ «አልያዘኝም» ብሎ አይጨነቅ፤ የፈንጣጣው ሕግ እዚህ አይሠራም። ሳያምም የሚሠራለት ብዙ ሰው አለ።

የሚገርመው፣ ሕመሙ ሁሉ ከመርፌውም አይደለም። በኮቪድ ክትባት ሙከራዎች ላይ ክትባት ሳይሆን ባዶ ውኃ የተወጉት ሰዎች ከሦስት አንዱ ያህል ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ራስ ምታት፣ ድካምና የመሳሰለውን ተናግረዋል። ውሸታቸውን አይደለም። ሲጠብቁት ይመጣል፤ በዚያ ላይ ራስ ምታት ያለ መርፌም ያለ ነው።

ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ እዚያው ቁጭ ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በፊት ከባድ አለርጂ የነበረበት 30 ደቂቃ። ከባድ የአለርጂ ምላሽ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው፤ ከታየ ግን ቶሎ ነው የሚመጣው፣ መድኃኒቱም እዚያው ነው ያለው። ቤት ስትገቡ ውኃና አጥሚት፣ ዕረፍት፣ ክንድ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ። ክንዱን ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ አቅፎ መያዝ ያደርቀዋል። ትኩሳቱ ካስቸገረ ፓራሲታሞል፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሳያልፉ። ከመርፌው በፊት «እንዳያመኝ» ብሎ መዋጥ አይመከርም። ዳማ ከሴውን የሚወድ ይጠጣ፤ ለፓራሲታሞሉ ምትክ ግን አያድርገው።

ሐኪም ቤት የሚያስሮጠው ሌላ ነው፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ ሕመም፣ የፊት ወይም የጉሮሮ ማበጥ፣ ከቀናት በኋላ የሚመጣና የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንድ እግር ማበጥ፣ ያለ ምክንያት ሰውነት ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ ወይም ከሁለት ሦስት ቀን አልፎ የሚቀጥል ትኩሳት። እነዚህ ብርቅ ናቸው። ካሉ ግን «ክትባቱ ነው፣ ይለቃል» ተብሎ አይተኛም።

ይሄው ነው። ለመናገር ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሦስት ደቂቃ ቆጥቤ ሌሊቱን ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጬ አነጋሁ።

ኅዳር 2014

በመስከረም 2014 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ማዕበል ላይ፣ አያቴ በኮቪድ ታመሙ። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ከዚያ ውስጥ ስድስቱን በኦክስጅን። ሁለተኛውን ዶዝ ቢወስዱ አይታመሙም ነበር ማለት አልችልም፤ ተከትቦም የሚታመም አለ። የማውቀው ሁለት ዶዝ የወሰደ ሰው በጽኑ የመታመም ዕድሉ እንደሚቀንስ ነው። ያን ዕድል የነጠቅኳቸው እኔ እንደሆንኩ ደግሞ በየሌሊቱ ኮሪደር ላይ ቆሜ አስበዋለሁ።

ወጡ። ደረጃ ሲወጡ አሁንም መሐል ላይ ቆመው ያርፋሉ።

በኅዳር አገር አቀፍ የክትባት ዘመቻ ተጀመረ፤ ሰፈራችንም ድንኳን ተተከለ። ኅዳር 12 ቀን እንደ ልማዳቸው ግቢውን ጠርገው ቅጠሉን ሲያቃጥሉ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ጭሱ ስላስሳላቸው ወደ ደጃፉ ወሰድኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን እንደሚያም፣ ለስንት ቀን፣ የትኛው ብርቅ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚያስሮጥ። በሚያዝያም ይህን አውቄ እንደነበር፣ ፈርቼ እንደደበቅኩም ጭምር።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ግራ ክንዳቸው ሰደዱ፤ ጠባሳዋ ያለችበት ቦታ።

«ያ የድሮው ልጅ» አሉኝ፣ «ከአንተ ያነሰ ነበር። እሱ ነግሮኝ ነው የወጋኝ።»

በማግስቱ አብረን ሄድን። ማታ ትንሽ አተኮሳቸው፤ 37.8። ጎረቤታችን ዳማ ከሴ ይዘው ብቅ አሉ። አያቴ ፓራሲታሞሉን በውኃ ዋጥ አደረጉና «ግቢ እትዬ፣ አትደንግጪ» አሏቸው፤ «እንደሚመጣ አውቄ ነበር።»